በየዓመቱ የሚመለስ ኀዘን፦ የሐና ጸሎትና የካህኑ ጆሮ

ለጥናት የሚነበብ፦ 1ኛ ሳሙኤል 1፥1–20

የሰው ኀዘን ሁሉ አንድ ጊዜ ተለቅሶ የሚያበቃ አይደለም። ልጅ የተቀበረበት ወር ሲመጣ፣ ትዳር የፈረሰበት ሰሞን ሲደርስ፣ በስደት ሳሉ ግፍ የተቀበሉበት ቤት በሕልም ሲታይ፣ የዳነ የመሰለው ቁስል እንደ አዲስ ያመረቅዛል። ምእመኑ ይህን ለንስሐ አባቱ መናገር ያፍራል፤ «እስከ ዛሬ አልተጽናናህምን?» የሚል ተግሣጽ እንዳይከተለው ይሰጋልና።

የሐና ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ስለ ሳሙኤል ልደት ነው። ሆኖም መጽሐፉ አስቀድሞ የሚነግረን ሕመሟ ዓመት በዓመት ይመላለስ እንደ ነበር ነው። ሕልቃና ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሴሎ በወጣ ቁጥር ፍናና ታስቈጣታለች፤ እርስዋም ታለቅሳለች፤ መብልም ይቀርባታል። ልብ እንበል፤ ኀዘንዋ የሚያገረሸው በበዓል ቀን፣ ያውም በእግዚአብሔር ቤት ደጅ ነው። ዛሬም በጥምቀት ወይም በፋሲካ ዕለት ሰው ሁሉ ሲደሰት ከቤቱ የማይወጣ ምእመን አለ፤ እኛም «ከቤተ ክርስቲያን ራቀ» ብለን እናልፈዋለን።

ባልዋ ይወድዳታል። ሊያጽናናት የተናገረው ግን «ለምን ታለቅሻለሽ?» ከሚል ጥያቄ አላለፈም። ካህኑ ዔሊ ደግሞ ከዚያ የከፋ ስሕተት ሠራ፤ ከንፈርዋ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ባለመሰማቱ ሰካራም መሰለችው፤ ገሠጻትም። ለዔሊ የሚመሰገንለት ነገር ቢኖር ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። ሐና በትሕትና ስትመልስለት አዳመጠ፤ ፍርዱን ተወ፤ በሰላም እንድትሄድ ባረካት። የለመነችው ምን እንደ ሆነ እንኳ ስለ መጠየቁ አልተጻፈም። እርስዋም ሄዳ በላች፤ ፊትዋም ከዚያ በኋላ አላዘነም። ይህ የሆነው ሳሙኤል ከመፀነሱ አስቀድሞ ነው። እንግዲህ ፈውስዋ የጀመረው ልመናዋ ሲፈጸም ሳይሆን፣ ነፍስዋን በእግዚአብሔር ፊት ስታፈስስና የሚሰማት ካህን ስታገኝ ነው ማለት ይቻላል።

ኀዘን ተመላላሽ መሆኑን ቤተ ክርስቲያናችን ከጥንት ታውቃለች። ሣልስት፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት ብላ የመታሰቢያ ቀናት የሠራችው በዋናነት ለሞተው ነፍስ ጸሎት ለማድረስ ነው፤ ቢሆንም ያ ሥርዓት በሕይወት የቀረውንም ሰው ይደግፋል። ጎረቤት ሲበተን፣ ድንኳን ሲነሣ፣ ብቻውን የቀረው ሐዘንተኛ እንደ ገና የሚጠራበት ቀን አለው። በተዝካር ስም የሚወጣው ከመጠን ያለፈ ወጪ ድሃውን በዕዳ ላይ ዕዳ ስለሚጨምርበት ሊነቀፍ ይገባል። ሆኖም ድግሱን ስንነቅፍ ቀኑን አብረን እንዳንጥለው መጠንቀቅ ያሻል። ጸበል ጸሪቅና አንድ እንጀራ ይበቃሉ።

ይህ ጉዳይ በአቃቂ ቃሊቲ ለሚያገለግሉ ይበልጥ ይከብዳል። ክፍለ ከተማው የፋብሪካ ሠራተኛ የኖረበት ጥንታዊ የአቃቂ ሰፈር ብቻ አይደለም። በቱሉ ዲምቱና በገላን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከመሐል ከተማ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ሰፍረዋል፤ በ2017 ዓ.ም.ም ከካዛንቺስ የተነሡ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ መጥተዋል። የተነሣ ሰው ዕቃውን በመኪና ይጭናል፤ ዕድሩን፣ ሰንበቴውን፣ የጽዋ ማኅበሩንና የንስሐ አባቱን ግን አይጭንም። የልጅዋን ሙት ዓመት ቀን ጎረቤቶችዋ ሁሉ በቃል ያውቁላት የነበረች እናት፣ በአራተኛ ፎቅ ላይ ያን ቀን የሚያውቅላት ሰው የላትም። በማረሚያ ቤት ዘመድ ያላቸው፣ ከዓረብ አገር በሐዘን የተመለሱ እኅቶችም በዚሁ አጥቢያ አሉ፤ እነርሱ የሚያዝኑለት ነገር ድንኳን የማይተከልለት በመሆኑ ይብስ ይደበቃል።

ስለዚህ አዲስ መጥ ምእመን ሲመዘገብ ስምና የቤት ቍጥር ብቻ መጻፍ አይበቃም። ቀድሞ የነበሩበትን ደብር፣ የንስሐ አባት ያላቸው መሆኑን፣ የሚያስቡት ሙት ዓመት ካለም ቀኑን መጠየቅ ይቻላል። ቀኑ ሲደርስ ካህኑ ከአንድ የሰበካ ጉባኤ አባል ጋር ደጅ ቢያንኳኳ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በምሥጢር የተነገረው ግን ከካህኑ ጋር ይቅር፤ ወደ መዝገብ አይግባ።

በጉብኝቱ ጊዜ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለው ቃል፣ እውነት ቢሆንም፣ ቀድሞ ከተነገረ የሐዘንተኛውን አፍ ይዘጋል። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አልቅሷል። ሐዋርያው ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ጸጋን እንጂ መወገድን አላገኘም፤ ሕመሙ ስለ ቀጠለ እምነቱ ጎደለ የሚል የለም።

አንዳንዱ ሕመም ደግሞ ከኀዘን ያልፋል። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ልብ ሲጨልም፣ እንቅልፍና ምግብ ሲጠፋ፣ ሥራ ሲያቅት፣ ሞትን መመኘት ሲመጣ ሐኪም ያስፈልጋል። ራስን ስለ ማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ ሸክም ያቀልላል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አለመተው፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም በአካባቢው ወዳለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል፤ ለአእምሮ ሕክምና የአማኑኤል ሆስፒታልም አለ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር እንዲወሰድ ቅዱስነታቸው በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለአእምሮ ሕመም መድኃኒትም መንገዱ ያው ነው። ጸበል የሚያስጠምቅ አባት ታማሚውን «ክኒኑን ጣል» ቢል፣ ለሚከተለው ነገር በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ይጠየቅበታል።

ለሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ሁለት ጥያቄዎች ይቅረቡ፦ ባለፈው አንድ ዓመት በአጥቢያችን ፍትሐት ከተደረገላቸው መካከል የስንቶቹ ቤተሰብ ከዐርባው በኋላ ተጎበኘ? በዚህ ወር ሙት ዓመት የሚደርስበት ቤትስ የትኛው ነው?