ስለ ተንጠልጣይ ቅርጽና ስለ ሚዛን ትምህርት

ለገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች

ሕፃናትን ጂኦሜትሪ፣ ይኸውም የቅርጽንና የልክን ዕውቀት፣ ለማስተማር የሚተጋ አስተማሪ ሁሉ አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም። ተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣለውን ሦስት ማዕዘን ስሙን ይጠራል፤ ማዕዘኖቹ ሲደመሩ 180 ዲግሪ መሆናቸውንም በቃሉ ይወጣል፤ ነገር ግን አንድ ጣውላ ሰጥተው በየትኛው ስፍራ ቢያነሡት ሳያጋድል እንደሚቆም ቢጠይቁት ዝም ይላል። ይህ የልጁ ስንፍና አይደለም፤ ቃሉን እንጂ ነገሩን በእጁ ስላልያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ሥራ ለዚሁ ጕድለት ይረዳል ብለን እናምናለን። እርሱም ከአገዳ፣ ከፈትልና ከወረቀት የሚሠራ፣ ከጣራ ተንጠልጥሎ በነፋስ የሚዞር ጌጥ ነው።

ሽማግሌዎች፣ «ልጃችን ፊደልና ሒሳብ ይማር ብለን ከከብት ጥበቃ አስቀርተን ብንልከው ገለባ ይዞ ተመለሰ» ብለው ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም። ልጅ ከሥራ የሚቀርበት ቀን ለቤተ ሰቡ ዋጋ አለው፤ ትምህርቱ ጨዋታ መስሎ ከታያቸው በማግሥቱ ልጁን ያስቀሩታል። ስለዚህ አስተማሪው ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ ሒሳቡ ከምኑ ላይ እንዳለ ሊያስረዳቸው ይገባል። ምሳሌውም ሩቅ አይደለም። አህያ የሚጭን ገበሬ በአንድ ወገን ያለው ስልቻ ቢከብድ ጭነቱ እንደሚያጋድል ያውቃል። ክብ ቤት የሚሠራ ሰው ከመካከል ችካል ተክሎ በገመድ ይዞራል፤ ገመዱ ሳይረዝምና ሳያጥር ከዞረ ቤቱ ክብ ይሆናል፤ በመጽሐፍ ሬዲየስ የሚባለውም ያው ገመድ ነው። ስፌት የምትሰፋ ሴት ደግሞ በአለላ የምታወጣው ሐረግ ዙሪያውን ገጥሞ እንዲያልቅላት ቀድማ በልቧ ታካፍላለች። ይህችን ሴት፣ ፊደል ብትቈጥርም ባትቈጥርም፣ የጂኦሜትሪ ባለሙያ ብንላት የተሳሳትን አይመስለንም። አስተማሪው እንዲህ ያለችውን እናት አንድ ቀን ጋብዞ በልጆቹ ፊት ብትሰፋ፣ እንዴት እንደምታካፍልም ብትነግራቸው፣ ከብዙ ሰዓት ትምህርት ይበልጣል።

እንዲህ ያለው ጌጥ በሌላውም አገር የታወቀ ነው። በሰሜን አውሮፓ በፊንላንድ ሰዎች ከእህል አገዳ ሂመሊ የተባለ ተንጠልጣይ ጌጥ እየሠሩ ለገና በዓል ከማዕድ በላይ ይሰቅላሉ፤ ስሙም በስዊድን ቋንቋ ሰማይ ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። ጌጡ ትልቅ በሆነ መጠን የመጪው ዓመት አዝመራ ይበዛል የሚል እምነትም በቀድሞው ዘመን ነበራቸው። በአሜሪካ ደግሞ በ1898 ዓመተ ምሕረት (ይህና ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) አሌክሳንደር ካልደር የተባለ ቀራፂ ተወለደ። ይህ ሰው አስቀድሞ የመካኒክ ምሕንድስና ተምሮ በ1919 ተመረቀ። በ1930 በፓሪስ ከተማ የሆላንዱን ሠዓሊ የፒት ሞንድሪያንን የሥራ ቤት ሊጐበኝ ገብቶ በግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ባለ ቀለም አራት ማዕዘኖች ባየ ጊዜ፣ እነዚህ ቢንቀሳቀሱ መልካም ነበር ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ ከሽቦና ከስስ ብረት የሚንቀሳቀሱ ቅርጾችን ሠራ፤ በ1931 ማርሴል ዱሻን የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ሞቢል ብሎ ስም አወጣላቸው። ካልደር በ1976 እስኪሞት ድረስ ይህን ሥራ አልተወም። እኛም ያነሣነው የምሕንድስናን የሚዛን ዕውቀት ለጥበብ ሥራ ስላዋለው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። አስቀድሞ አገዳ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የስንዴ ወይም የገብስ አገዳ ከውቂያ በፊት ይወሰድ፤ በሬ ከረገጠው በኋላ ተሰነጣጥቆ አይረባም። አንጓው ተቈርጦ ይጣል፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ባዶው ክፍል ብቻ ይጠቅማል። ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ጊዜ ቢነከር ሲቈረጥ አይሰነጠቅም። ለእያንዳንዱ ልጅ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 12 አገዳዎች ይበቃሉ። ፈትሉን በአገዳው ውስጥ ለማሳለፍ ረጅም መርፌ ባይገኝ ቀጭን ሽቦ አጥፎ መጠቀም ይቻላል። ልጆች አገዳ ሲቈርጡ ሁለተኛውን በመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው፣ አራተኛውን በሦስተኛው እየለኩ ይሄዳሉ፤ እንዲህ ሲሆን ጥቂት ጥቂቱ ስሕተት ይጠራቀምና የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። አስተማሪው ይህን ቀድሞ አይከልክል። 1ኛውንና 12ኛውን ጐን ለጐን ያስይዛቸውና ምክንያቱን ይጠይቃቸው፤ ሁሉም በአንድ አገዳ ልክ መቈረጥ እንዳለበት ራሳቸው ይደርሱበታል።

አራት አገዳዎች በፈትል ተሰክተው ጫፍና ጫፉ ሲታሰር አራት ማዕዘን ይሆናል። ልጁ በሁለት እጁ ቢገፋው ግን ይዘምማል። ሦስት አገዳ ታስሮ ሦስት ማዕዘን ቢሆን ቢገፉትም ቅርጹን አይለውጥም። አናጢ በር ሲሠራ ሰያፍ እንጨት የሚመታበት ምክንያት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ከአራት ማዕዘኑ ከየማዕዘኑ አንዳንድ አገዳ ተነሥቶ አራቱ በላይ በአንድነት ይታሰሩ። ቅርጹ አሁንም ይወላገዳል። የቀሩት አራት አገዳዎች በታች በኩል እንዲሁ ሲታሰሩ ግን ወዲያው ይጸናል። ይህች ቅጽበት ለልጁ ታላቅ ደስታ ናት፤ አስተማሪው በችኰላ አይለፋት። ወደ ውስጥ የሚገባ ጐድጓዳ የሌለበት ቅርጽ ገጾቹ የማይለወጡ ከሆኑ ጠቅላላ መልኩም እንደማይለወጥ ኮሺ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ1813 በማስረጃ አሳይቷል፤ ልጁም ያንኑ ነገር በጣቶቹ ያውቀዋል።

ቅርጹ ሲጸና ይቍጠሩት። ገጹ 8፣ ጫፉ 6፣ ጠርዙ 12 ነው። ገጽና ጫፍ ሲደመሩ 14 ይሆናሉ፤ ከጠርዙ በ2 ይበልጣሉ። ስድስት ገጽ ያለውን ሣጥንም ቢቈጥሩ 6 ገጽና 8 ጫፍ 14 ነው፤ ጠርዙም 12 ነው። ሌሎች ቅርጾችን ከጭቃ እየሠሩ ይሞክሩ፤ ይህን ሕግ ያወጣው ኦይለር የተባለ የስዊስ ሊቅ መሆኑን የሚነገራቸው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ነጭ ወረቀት ወደ ፀሐይ አዙረው ቅርጹን በፊቱ ያዙሩት። በጫፉ በኩል ፀሐይን ቢያይ ጥላው አራት ማዕዘን ይሆናል፤ በገጹ በኩል ቢያይ ጥላው ባለ ስድስት ማዕዘን ሆኖ በውስጡ ኮከብ ይታያል። አንዱ ነገር ሁለት መልክ ማውጣቱ ልጆቹን እጅግ ያስገርማቸዋል።

ከወረቀት የሚቈረጡት ቅርጾች ደግሞ ሚዛናቸው ሊገኝ ይገባል። ከወፍራም ወረቀት ሦስት ማዕዘን ተቈርጦ በአንዱ ማዕዘን አጠገብ በእሾህ ይሰቀል፤ ከእሾሁ ላይ ጠጠር የታሰረበት ፈትል እንደ ግንበኛ ቱምቢ ይውረድና ፈትሉ ባለፈበት መሥመር ይሰመር። በሌላውም ማዕዘን እንዲሁ ይደረግ። ሁለቱ መሥመሮች በተገናኙበት ነጥብ ላይ ወረቀቱ በእርሳስ ጫፍ ሳይወድቅ ይቆማል። መሥመሩ ቢለካ ከማዕዘኑ እስከ ነጥቡ ያለው ከነጥቡ እስከ ጐኑ ካለው እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ሕፃኑ በፈቃዱ የቈረጠው፣ ስም የሌለው ቅርጽም ቢሆን በዚሁ መንገድ ነጥቡ ይገኝለታል።

በመጨረሻ እንጨቶቹ ይሰቀላሉ። ሕጉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው አርኪሜዴስ የጻፈው ነው፤ ይኸውም በአንድ ወገን ያለው ክብደት ከመስቀያው ባለው ርቀት ሲባዛ ከሌላው ወገን ጋር እኩል መሆን አለበት ማለት ነው። ሥራው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቀጭን እንጨት በአንዱ ጫፍ አንድ ቅርጽ፣ በሌላው ጫፍ ሁለት ቅርጽ ቢንጠለጠል መስቀያው ከሁለቱ 10፣ ከአንዱ 20 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። አሁን እነዚህ ሦስቱ በአንድነት 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ እንጨት ጫፍ ይሰቀሉ፤ በማዶው አንድ ቅርጽ ይሁን። መስቀያው ከሦስቱ 10፣ ከአንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ልጁ ቍጥሩን አስቀድሞ በሰሌዳው ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ይስቀል። ጥቂት ቢያጋድል አይደንግጥ፤ እንጨቱ የራሱ ክብደት ስላለው መስቀያው ወደ መካከል ጥቂት መጠጋት ይፈልጋል። ስለዚህ ቋጠሮው መጀመሪያ ላላ ብሎ ይታሰር።

ስለ ውበቱ ብዙ ደንብ ማውጣት አንወድም። ሁሉም ቅርጽ በአንድ መጠን፣ ሁሉም ፈትል በአንድ ርዝመት ከሆነ ጌጡ ደረቅ ይሆናል፤ ቀለሙም እጅግ ከበዛ ዓይንን ያደክማል። ሁለት ቀለምና የአገዳው የራሱ ወርቅማ መልክ ይበቃሉ። ከዚህ የቀረውን ለልጆቹ መተው ይሻላል። እኛ የምንፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ተቈጣጣሪ ይመጣል ተብሎ አስተማሪው ራሱ ያማረ ጌጥ ሠርቶ የሰቀለ እንደ ሆነ፣ ጣራው ያጌጣል፤ ልጆቹ ግን ምንም አልተማሩም። ጠማማም ቢሆን የልጁ ሥራ ይሰቀል። አገዳና ፈትል የሴቶች ሥራ ነው ብለው ወንዶች ልጆች እንዳይሸሹ፣ እንጨቱንና ልኩን ደግሞ ለወንዶች ብቻ እንዳይተውት፣ ወንዱና ሴቷ በየተራ ሁሉን ይሥሩ።

ሽማግሌዎች በሚመጡበት ቀን ልጁ ራሱ ያስረዳቸው፤ እነርሱም ቋጠሮውን በጣታቸው ወዲያና ወዲህ እየገፉ ሚዛኑን ይፈልጉ። ክረምት ሲገባ እርጥበት አገዳውን ያሻግታልና ጌጡ ይውረድ፤ አይጥ በማይደርስበት ደረቅ ስፍራ እንጨቱና ፈትሉ ተጠቅልለው ይቀመጡ፤ አገዳው በአጨዳ ጊዜ እንደገና ይገኛል።