ኺያና፦ ያመነንን ሰው ማጉደል

ቢስሚላህ። 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ አንድ ቃል ነው፤ «ኺያና»። በአማርኛ ክህደት፣ ክዳት፣ አደራ መብላት፣ እምነት ማጉደል እንለዋለን። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ግን ስለ ሌላው ሰው ነው። «ከዳኝ» የሚል እንጂ «ከዳሁ» የሚል እምብዛም አንሰማም። እስኪ ዛሬ ቃሉን ከሥሩ እንየውና ራሳችንን እንጠይቅበት።

ቃሉ በአማርኛ

«ካደ» እና «ከዳ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አስተውሉ። ካደ ማለት የሚያውቀውን አላውቅም፣ የተቀበለውን አልተቀበልኩም አለ ማለት ነው። ከዳ ማለት ደግሞ አብሮት የነበረውን ጥሎ ሄደ፣ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ካደ የተመዘዘው «ክሕደ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው። ቃላቱ ቢለያዩም ነገሩን ካሰብነው ተያያዥ ናቸው። ሰው ወዳጁን በእጁ ከመክዳቱ በፊት ውለታውን በልቡ ይክዳል። መጀመሪያ «ምን አደረገልኝ?» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ቀላል ነው።

አባቶቻችን «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይላሉ። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ኺያናን ከሌላው ወንጀል ይለየዋል። የማናውቀው ሰው ሊሰርቀን፣ ሊዘርፈን ይችላል፤ ሊከዳን ግን አይችልም። ለመካድ መጀመሪያ መታመን ያስፈልጋል። ስለዚህ ኺያና የሚያጠፋው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን እንድንሰጥ ያደረገንን እምነት ጭምር ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ይህን ጥፋት «እምነት ማጉደል» ይለዋል። «ማጉደል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ ዐረብኛው ስንሻገር እናገኛታለን።

ቃሉ በዐረብኛ

ከሺህ ዓመት በፊት የኖረው የቋንቋ ሊቅ ኢብኑ ፋሪስ የዐረብኛ ቃላትን ሥር ሲመረምር «ኻነ» የሚለው ግስ መሠረታዊ ትርጉሙ መጉደል፣ መቀነስ እንደሆነ ጽፏል። ሱብሓነላህ! አማርኛው «አጎደለ» ሲል ዐረብኛውም «አጎደለ» ይላል። ኻኢን ማለት የሰውን ሐቅ በድብቅ የሚቀንስ ሰው ነው። ታላቁ የቁርኣን ቃላት ተንታኝ ራጊብ አል-አስፋሃኒ ደግሞ ኺያናና ኒፋቅ በመሠረቱ አንድ ናቸው ይለናል፤ በቃል ኪዳንና በአማና በኩል ሲታይ ኺያና፣ በዲን በኩል ሲታይ ኒፋቅ ይባላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሙናፊቅን ምልክቶች ሲዘረዝሩ ከውሸትና ቃልን ከማፍረስ ጋር አማናን መክዳትን የቆጠሩት ለዚህ ነው።

ሌላው ቃል «ገድር» ነው፤ የገቡትን ኪዳን ማፍረስ። ሥሩ «ጥሎ መሄድ» ማለት ነው። ጎርፍ አልፎ ሲሄድ ጥሎት የሚቀረው ኩሬም «ገዲር» ይባላል። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት ኩሬው ራሱ ከሃዲ ስለሆነ ነው ስሙን ያገኘው ይላሉ፤ ውሃ አለ ብለው የተማመኑበትን ሰዎች በጭንቅ ሰዓት ደርቆ ይጠብቃቸዋልና። በክረምት ሞልቶ የሚያስጎመጅ፣ በበጋ ግን የማይገኝ ወዳጅ ማለት ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዱዓቸው ከኺያና በአላህ ሲጠበቁ «ቢጧና» የሚል ቃል ተጠቅመዋል። ቢጧና የልብስ ገበር ነው። ገበር ከውጭ አይታይም፤ ግን ገላን የሚነካው እሱ ነው። ኺያናም እንደዚሁ ውስጥ ለውስጥ የሚኖር ክፉ ገበር ነው።

በሥነ ጽሑፍ

ዐረቦች ከእስልምና በፊትም ክህደትንና ታማኝነትን በምሳሌ ያስተምሩ ነበር። ሲኒማር የተባለው አናጺ ለአንድ ንጉሥ እጅግ ያማረ ቤተ መንግሥት ሠራለት፤ ንጉሡም ለሌላ ሰው እንዳይሠራ ብሎ ከጣሪያው ላይ አስወረወረው ይባላል። ስለዚህ በጎ ሠርቶ ክፉ የተመለሰለት ሰው «የሲኒማር ዋጋ ተከፈለው» ይባላል። በአንጻሩ ሰመውአል የተባለው የአይሁድ ሰው ኢምሩል ቀይስ በአደራ ያስቀመጠውን የጦር ልብስ አልሰጥም በማለቱ ልጁን ፊቱ ላይ እንደገደሉበት ይተርካሉ። ዐረቦች እስከ ዛሬ እጅግ ታማኝ የሆነን ሰው «ከሰመውአል ይልቅ ታማኝ» ይሉታል። ምሳሌ የሆናቸው የሌላ ሃይማኖት ሰው ነው፤ ታማኝነት ወገን አይለይም።

የእኛው አገር ታሪክ

ከሁሉም የሚበልጠው ታሪክ ግን የተፈጸመው በእኛው ምድር ነው። ከ615 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሶሓባዎች ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ መጡ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን ከጓደኛው ጋር ላኩ። መልእክተኞቹ ምርጥ የመካ ቆዳ ለንጉሡም ለባለሟሎቹም አበረከቱ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው ይሰጡ። ባለሟሎቹም ደገፏቸው።

ነጃሺ ግን ተቆጣ። ከሌላው ሁሉ መርጠውኝ ጥላዬ ሥር የተጠጉ ሰዎችን ሳልሰማቸው አልሰጥም አለ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብን ካዳመጠ በኋላ ስጦታውን መለሰ፤ ስደተኞቹም በሰላም ኖሩ። ይህን የተረከችልን እዚያው የነበረችው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናት። ልብ በሉ፤ ነጃሺ ያን ጊዜ ክርስቲያን ንጉሥ ነበር፣ ሙስሊሞቹም ምንም የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ቢሰጣቸው የሚጠይቀው አልነበረም። ክህደት የሚፈተነው ልክ እንደዚህ ባለ ሰዓት ነው፤ ጥቅሙ በእጅህ፣ ተጎጂው አቅመ ቢስ ሲሆን።

ለወገን ብሎ መክዳት

«እኔ የሰው ገንዘብ አልበላም» የምንል ብዙዎች በሌላ በር እንገባለን፤ ለወገን ብለን እናደላለን። በሱረቱ ኒሳእ ከአንቀጽ 105 ጀምሮ ያለውን ከነተፍሲሩ አንብቡት። የተፍሲር መጻሕፍት እንደሚያወሱት፣ መዲና ውስጥ ሙስሊም ነኝ የሚል አንድ ሰው በዱቄት ከረጢት ውስጥ የነበረ የጎረቤቱን የጦር ልብስ ሰረቀ። ከረጢቱ ቀዳዳ ነበረውና ዱቄቱ መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ ሄደ። ሌባው ዕቃውን አንድ አይሁዳዊ ዘንድ አስቀመጠና ጥፋቱን በእሱ አላከከ። ዘመዶቹም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲከራከሩለት መጡ። አላህ ግን ንጹሑን አይሁዳዊ ነፃ የሚያደርግ፣ ለከዳተኞች ጠበቃ መሆንን የሚከለክል አንቀጽ አወረደ። እስከ ቂያማ የሚነበብ ቁርኣን የሌላ እምነት ተከታይ ለሆነ አንድ ሰው ሐቅ ወረደ። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ገበያውንም ሰፈሩንም ተጋርተን ለምንኖር ለእኛ ከዚህ በላይ ምን ትምህርት አለ?

«ከሃዲ» ብሎ መጥራት

ቃሉ ራሱም አደራ ነው። «ባንዳ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ጓድ፣ ቡድን ማለት ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣልያን ከአገሬው ሰው መልምሎ ያስታጠቃቸው በዚህ ስም ስለተጠሩ ቃሉ በሕዝብ አፍ «አገሩን የከዳ» ሆነ። ዛሬ ግን በስልካችን ላይ ያልተስማማንን ሁሉ ባንዳ፣ ከሃዲ እንላለን። አንድ ቃል ሰውን ከሰፈሩ ሊያስወጣ፣ ደሙንም ሊያስፈስስ ይችላል።

ሓጢብ ኢብኑ አቢ በልተዐ (ረ.ዐ) የመካ ዘመቻን የሚገልጽ ደብዳቤ ለቁረይሾች በድብቅ ላከ፤ ተያዘም። ነገሩ ከባድ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) አንገቱን ልምታው አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን መጀመሪያ ለምን እንዳደረገው ጠየቁት። መካ ላይ ጠባቂ የሌላቸው ቤተሰቦቹን ፈርቶ መሆኑን ተናገረ። እሳቸውም እውነቱን ተናግሯል አሉ፤ በድር ላይ መዋሉንም አስታወሱለት። ማስረጃ በእጃቸው እያለ ጠየቁ፤ እኛ ያለ ማስረጃ እንፈርዳለን።

ደጀን ላይ፣ ዛሬ

የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን የሚደርስ መኪና ሁሉ የሰው አደራ ይዟል። ሹፌሩ ለእናት የተላከ ብር፣ ረዳቱ ለነጋዴ የተጫነ ጤፍ ይዟል። ሚዛን ላይ የቆመ ልጅ፣ የዕቁብ ብር የሚሰበስብ ወጣት፣ ስልኩ ላይ የጓደኛውን ምስጢር የያዘ ተማሪ፣ ሁሉም አማና ተሸክሟል። ሚዛን የሚያጎድሉት በሱረቱል ሙጠፊፊን የተወገዙበት ቃል የተወሰደው «ጥቂት፣ ኢምንት» ከሚል ሥር ነው። ኺያና የሚጀምረው ከእፍኝ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ዞር ዞር ብሎ አይቶ የነገረህ ወሬ አማና ነው ብለዋል፤ ለብቻህ የተላከልህን መልእክት ፎቶ አንስተህ ለሌላው ስትልክ ይህን ሐዲሥ አስታውስ።

«እሱም ከድቶኛል» የሚል ካለ መልሱ ቀድሞ ተነግሯል፤ ላመነህ አደራውን መልስ፣ የከዳህንም አትክዳው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሊገድሏቸው ከዶለቱባት መካ ሲወጡ እንኳን የመካ ሰዎችን አደራ እንዲመልስ ዐሊን (ረ.ዐ) ወደኋላ አስቀርተውታል።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። በእጃችሁ ያለውን የሰው ሐቅ ጻፉት፤ ብር፣ ዕቃ፣ ምስጢር፣ ቃል። የዘገየ ካለ ለባለቤቱ ደውሉ። የጎደለ ካለ ሙሉ።

ከተማችን የምትጠራበት ቃል በአማርኛ ከፊት ለሚዋጋው ከኋላ የሚቆም አለኝታ ማለት ነው። ደጀን ያለው ሰው ዞር ብሎ ማየት አያስፈልገውም። ከሃዲ የሚመታውም በዚያው በኩል ነው፤ ማንም በማይጠብቀው፣ በጀርባ። ለወንድማችን፣ ለእህታችን፣ ለጎረቤታችን ከሁለቱ የትኛው ነን?

አላህ ልባችንን ከኒፋቅ፣ ምላሳችንን ከውሸት፣ ዓይናችንን ከኺያና ያጥራልን። አደራን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።