በዋሽንግተን ጎዳና ለሚሸመግል ልጅ

ልጄ፣ በሚጣሉ ጎረምሶች መሃል ገብተህ ጠብ የምታበርድበት ሥራ ማግኘትህን እናትህ ነገረችኝ። እሷ ፈርታለች፤ እኔ ደስ ብሎኛል። «ምክር ይስጡኝ» ስላልክ የታየኝን ጻፍኩልህ።

1. መጀመሪያ የሥራውን አመጣጥ እወቅ። ጋሪ ስሉትኪን የተባለ ሐኪም ሶማሊያ ውስጥ በስደተኞች መጠለያ ከሳንባ ነቀርሳና ከኮሌራ ጋር ሲታገል ቆይቶ ቺካጎ ሲመለስ፣ ግድያም እንደ ወረርሽኝ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በዌስት ጋርፊልድ ፓርክ ሥራውን ጀመረ፤ ጎዳናው የሚያውቃቸውንና የሚያከብራቸውን ሰዎች አስታራቂ አድርጎ አሰማራ። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2018 «ኪዩር ዘ ስትሪትስ» ብላ የጀመረችው ይህንኑ ነው። ደም እንዳይመለስ ሽማግሌ መግባቱ ለእኛ አዲስ ባይሆንም፣ በአገራችን ሽማግሌ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሬሳ ከተቀበረ በኋላ ነው። አንተ ግን ከዚያ በፊት መድረስ አለብህ።

2. ሰፈሩን ሁሉ አትጠርጥር። ለዲሲ የተሠራ አንድ ጥናት ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የጥይት ጥቃት በ500 ያህል ሰዎች ዙሪያ እንደሚሽከረከር ገምቷል። ጨዋ ልጆችን ሰብስቦ ቲሸርት ማደል ለፎቶ ያምራል፤ ተኩስ ግን አያስቆምም። ስልክ የማያነሳውን፣ ቀጠሮ የሚያፈርሰውን፣ እናቱ እንኳ ተስፋ የቆረጠችበትን ፈልገህ አግኝ።

3. ስብከት ይቅርብህ። ቺካጎ ውስጥ «ቢካሚንግ ኤ ማን» በሚባለው ፕሮግራም ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ይሆኑና አንዱ ኳስ ይጨብጣል። ሌላው በ30 ሰከንድ ውስጥ ከእጁ እንዲያወጣ ይታዘዛል። ጣት ይጠመዘዛል፣ ክንድ ይጎተታል፣ መሬት ላይ መንከባለል ይመጣል። ሰዓቱ ሲያልቅ አሠልጣኙ «ለመሆኑ ‹እባክህ ስጠኝ› ያለ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ማንም አላለም። ኳሱን የያዘው ደግሞ «ብትለኝ እሰጥህ ነበር» ይላል። በኢንስታግራም አንድ ስድብ ተለጥፎ ሽጉጥ እስኪመዘዝ ያለችው ጊዜ እንዲህ ጠባብ ናት፤ ልጁ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይማራል። ፕሮግራሙ ሲጠና በኃይል ወንጀል መታሰር ከ45 እስከ 50 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ግን በእስሩ ላይ የታየው ለውጥ አልዘለቀም። እንግዲህ ከልጆቹ ቶሎ አትራቅ።

4. የሰማኸውን ለፖሊስ አታቀብል፤ የፖሊስንም ሥራ አታደናቅፍ። አንድ ቀን ወሬ አቀባይ ከተባልክ ሥራህ አበቃ፤ ለሕይወትህም ያሰጋል።

5. ሥራ አስይዛቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቺካጎ ላይ ለ8 ሳምንት የሰመር ሥራ ያገኙ ተማሪዎች፣ በ16 ወር ውስጥ በኃይል ወንጀል መያዛቸው ካላገኙት በ43 በመቶ ያነሰ ነበር። የሚገርመው፣ አብዛኛው ለውጥ የታየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ዲሲ ከ1979 ጀምሮ ያኔ ከንቲባ የነበረው ማሪዮን ባሪ ያቋቋመው የሰመር ሥራ ፕሮግራም አላት፤ ከ14 እስከ 24 ዓመት ያሉትን ይቀበላል። ልጁን «ማመልከቻ ሙላ» ብቻ ብለህ አትለፍ፤ አብረኸው ተቀምጠህ ሙላ። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ የጠፋበት ልጅ እዚያው ይቀራል፣ አንተም ሰነፍ ነው ትለዋለህ።

6. የቆሰለ ልጅ ካለ ሆስፒታል ሂድ። አልጋው ላይ ስልኩ ይንጫጫል፤ ጓደኞቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ማን እንደተኮሰ ይማከራሉ። የበቀሉ ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው። ልጁን ስለ ጥፋቱ አትጠይቀው፤ «ስትወጣ የት ታድራለህ?» በለው። የሚያድርበት ከሌለው ያንኑ ሌሊት የምትሠራው ሥራ አገኘህ ማለት ነው።

7. የእኛን ቤቶች አትርሳ። አባት ታክሲ ላይ ነው፣ እናት ሁለት ሥራ ትሠራለች፣ ልጁ ከማን ጋር እንደሚውል የሚያውቅ የለም። ችግር ሲመጣ «ሰው ምን ይላል» ተብሎ ይደበቃል፤ ወይም ልጁ አዲስ አበባ ለዘመድ ይላካል፣ እዚያም ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ቄሱን፣ ሼኩን፣ የዕድሩን ሰብሳቢ ጠይቃቸው፤ የትኛው ቤት እንደሚጨነቅ ከአንተ ቀድመው ያውቃሉ። እናትየውን ስታናግር በአማርኛ አናግራት፣ ልጁ ግን በእንግሊዝኛ ቢያወራህ አትቆጣው።

8. ድሉን ሁሉ ለራስህ አትውሰድ። ዲሲ ውስጥ በ2023 የተገደሉት 274 ነበሩ፣ በ2024 ወደ 187 ወረዱ። ለዚህ ፖሊሱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ እናንተም ድርሻ ይኖራችኋል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ፒትስበርግ ላይ ግድያን መቀነስ እንዳልቻለም አትርሳ፤ ስሙ ብቻ አያድንም።

9. የከተማው ምክር ቤት በየጸደዩ ሰው የሚናገርበት የበጀት ስብሰባ አለው። በጀቱ መጀመሪያ የሚቀነሰው እንደ አንተ ያለው ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አደራ፣ ከአሁኑ ልጆቻቸው የተረፉላቸውን እናቶች ስም ያዝ፤ ቀኑ ሲደርስ ይዘሃቸው ግባና እነሱ ይናገሩ።