በመንገድ ላይ የቆመ ስለት
ጉዳት ያቋረጠውን መንፈሳዊ ጉዞ ስለ መቀጠል ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ትምህርት



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ወሎ የሚያመራውን መንገድ በእግሩ የተጓዘ ሰው ጣርማ በር ላይ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርዳም ደጋ ተነሥቶ፣ ደብረ ሲናን አቋርጦ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ዳገት ትንፋሽን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ደግሞ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ይፈትናል። ከሸዋ ሮቢት አለፍ ብሎ ጀውሃ ሲደረስ መንገደኛው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ሙቀቱም ከደጋ ለመጣ ሰው ከባድ ነው።

ለትምህርታችን እንዲረዳን አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። አንዲት የአዲስ አበባ ምእመን ልጇ ከጽኑ ሕመም ስለዳነላት፣ መስከረም 21 ቀን ወደሚከበረው ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ በዓል በእግሯ ሄዳ ለመሳለም ተሳለች እንበል። ከኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቿ ጋር ተነሥታ ጀውሃ ስትደርስ፣ ጎርፍ በሸረሸረው የመንገድ ዳር እግሯ ተጠምዝዞ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ጓደኞቿ በመኪና አሳፍረው ወደ ሕክምና ከላኳት በኋላ ጉዟቸውን ቀጠሉ፤ እርሷም ወደ ቤቷ ተመለሰች። በተኛችበት ሊጠይቋት ከመጡት አንዱ «ስለት አይቀልድም፤ እያነከስሽም ቢሆን ፈጽሚው» አላት። ሌላው «እግዚአብሔር ጉዞሽን ቢፈልገው ኖሮ አይሰብርሽም ነበር፤ ተዪው» አላት። ሦስተኛዋም «ከርሞ ከቤትሽ ደጃፍ እንደገና ካልጀመርሽ አይቆጠርልሽም» አለቻት።

እነዚህ ሦስት ምክሮች በየቁምስናው የሚሰሙ ናቸው። ሦስቱም ከቅንነት ይመነጩ ይሆናል፤ ሦስቱም ግን የቆሰለን ኅሊና የባሰ ያቆስላሉ። ስለዚህ በቅዱስ መጽሐፍና በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልንመዝናቸው ይገባል።

1ኛ. ስለት ምን ያህል ያስራል?

ስለት ቀላል ነገር አይደለም። ኦሪት ዘዳግም (23፥21-23) የተሳለ ሰው ሳይዘገይ እንዲፈጽም ያዛል፤ መጽሐፈ መክብብም (5፥4-5) ተስሎ ካለመፈጸም ፈጽሞ አለመሳል እንደሚሻል ያስተምራል። ይሁን እንጂ ስለት ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና (ቁ. 1191)፣ እንዲሁም በ1990 ለምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የወጣው ሕገ ቀኖና (ከቁ. 889 ጀምሮ) እንደሚያስረዱት፣ ስለት ሰው አስቦበትና በነጻ ፈቃዱ ለእግዚአብሔር የሚገባው ቃል ነው። የሚሳለውም ነገር የተሻለ መልካም ነገርና የሚቻል መሆን አለበት። «የሚቻል» የሚለውን እናስምርበት። የማይቻለውን በማድረግ እግዚአብሔርን ማክበር ግዴታ ሆኖ አያውቅም። የይፋት ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ የሐጅ ግዴታ አቅሙ ለቻለ ሰው ብቻ መሆኑን ከእምነታቸው ያውቃሉ።

በዚህ ነገር ላይ ኦሪት ዘሌዋውያን (27፥8) ብርሃን ይሰጠናል። ተስሎ የተወሰነውን ዋጋ ለመክፈል ድህነት የከለከለው ሰው በካህኑ ፊት ይቆማል፤ ካህኑም እንደ ተሳለው ሰው አቅም ይገምትለታል። ገንዘብ ላጣ ሰው እንዲህ ከታሰበለት፣ የእግሩን ጤና ላጣ ሰው እንዴት አብልጦ አይታሰብለትም?

በሕገ ቀኖና መሠረት የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች መምህራን ለምእመናን በግልጽ ማስረዳት ይኖርባቸዋል።

ሀ) ስለት በራሱ የሚያስረው የተሳለውን ሰው ብቻ ነው (ቁ. 1193)። እናት ስለ ልጇ ብትሳል ባለ ዕዳዋ እርሷ ናት። ልጁ ወይም ባሏ እርሷን ተክተው የቀረውን መንገድ የመሄድ ግዴታ የለባቸውም፤ ወድደው ቢሄዱ ግን የፍቅር ሥራ ይሆንላቸዋል።

ለ) ለስለቱ ቀን ተወስኖለት ከነበረና ቀኑ ካለፈ ግዴታው ያበቃል (ቁ. 1194)። የዚህችን ዓመት መስከረም 21 ቀን ብላ ተስላ ከነበረ ዕዳው ከቀኑ ጋር አልፏል። ቀን ሳትወስን ከሆነ ደግሞ እስክትድን ድረስ ይጠብቃታል። ጥበቃው መሐላ ማፍረስ አይደለም።

ሐ) የተሳለው ሰው የገባውን ቃል በእኩያው ወይም በሚበልጥ መልካም ሥራ ራሱ ሊለውጠው ይችላል። ባነሰ ሥራ ለመለወጥ ወይም ከነአካቴው ነጻ ለመሆን ግን ሥልጣን ያለውን አካል መጠየቅ አለበት (ቁ. 1196-1197)። ይህም ሩቅ አይደለም፤ በቂ ምክንያት ሲኖር የቁምስናው ቆሞስ ይህን ማድረግ ይችላል።

ከዚህም ሌላ፣ በልብ ያደረ ምኞት ሁሉ ስለት አይደለም። «ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር» ማለትና ለእግዚአብሔር ቃል መግባት የተለያዩ ናቸው። ቆሞስ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው።

2ኛ. እያነከሰ የደረሰው ያዕቆብ

በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ከምሳሌያችን ጋር እጅግ የሚቀራረበው የአባታችን የያዕቆብ ታሪክ ነው። ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ ወደ ሐራን ሲሄድ በቤቴል ተሳለ (ዘፍ. 28)። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲመለስ በያቦቅ ወንዝ መሻገሪያ ሌሊቱን ሙሉ ታገለ፤ የጭኑ ሹልዳም ተነካ። ፀሐይ ስትወጣ ጵኒኤልን ያለፈው እያነከሰ ነበር (ዘፍ. 32)። እንግዲህ ጉዳቱ የደረሰበት ስለቱን ከመፈጸሙ በፊት፣ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን እናስተውል። ኤሳው አብረን እንገስግስ ሲለው ያዕቆብ አልተቀበለም። ሕፃናቱና የሚያጠቡት እንስሳት በሚችሉት መጠን ቀስ ብሎ እንደሚከተል ነገረው (ዘፍ. 33)። ደካማው የጉዞው መለኪያ ሆነ። አባቶቻችን ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ሌላም ገጽ አለው። ያዕቆብ በሱኮት ቤት ሠራ፤ በሴኬምም መሬት ገዝቶ ተቀመጠ። ማረፊያው መኖሪያ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። በመጨረሻ እግዚአብሔር ራሱ ተነሥቶ ወደ ቤቴል እንዲወጣ አዘዘው፤ እርሱም ቤተ ሰቦቹን ካነጻ በኋላ ወጣ (ዘፍ. 35)። ስለዚህ ከያዕቆብ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ቁስል እስኪሽር ቀስ ማለት ተገቢ ነው፤ ቁስልን ሰበብ አድርጎ በሴኬም መቅረት ግን አይገባም።

3ኛ. ሦስቱ ምክሮች ሲመዘኑ

የመጀመሪያው ምክር፣ እያነከስሽም ፈጽሚው የሚለው፣ አምስተኛውን ትእዛዝ ይዘነጋል። አትግደል የሚለው ትእዛዝ የራስን አካልና ጤና መጠበቅንም ይጨምራል። በአዋቂ ሰው ላይ የደረሰ የቁርጭምጭሚት ስብራት ለመጋጠም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ሙሉ ብርታት ለመመለስ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋል። ሳይድን የተረገጠ አጥንት ተጣሞ ሊቀር ይችላል። ዕድሜ ልክ የሚያሰናክል ጉዳት የስለቱ አካል አልነበረም።

ሁለተኛው ምክር፣ እግዚአብሔር አልፈለገውም የሚለው፣ ጉዳትን ሁሉ የፍርድ ቃል አድርጎ ይቆጥራል። ጌታችን ስለ ዕውሩ ሰው ሲጠየቅ እንዲህ ያለውን አስተሳሰብ አልተቀበለም (ዮሐ. 9፥3)። በዘመናችንም ምሳሌ አለን። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1994 ሌሊት ወድቀው የጭን አጥንታቸው ተሰበረ። በማግሥቱ ወደ ሲሲሊያ ሊያደርጉት የነበረው ጉዞ ተሰረዘ። በሮም ይካሄድ የነበረው የአፍሪካ ሲኖዶስም ግንቦት 8 ቀን ሲዘጋ እርሳቸው በሆስፒታል ስለነበሩ የመዝጊያውን ቅዳሴ የመሩት ካርዲናል አሪንዜ ነበሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ግን ጉዞው እግዚአብሔር የማይፈልገው ነው ብለው አልደመደሙም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር መጀመሪያ በምርኩዝ እየተደገፉ ወደ ካታኒያና ወደ ሲራኩሳ ሄዱ፤ በሲራኩሳም የእመቤታችንን የእንባ ቤተ መቅደስ ቀደሱ። የሲኖዶሱን ፍሬ ደግሞ በ1995 በመስከረም ወር አፍሪካ ድረስ መጥተው በያውንዴ በሐዋርያዊ ምክር አወጡ።

ሦስተኛው ምክር፣ ከመጀመሪያው ካልጀመርሽ አይቆጠርም የሚለው፣ ጥንቃቄ ቢመስልም ከእግዚአብሔር ጋር እንደ ነጋዴ መተሳሰብ ነው። ያዕቆብ ካነከሰ በኋላ ወደ ሐራን ተመልሶ ጉዞውን እንደ አዲስ አልጀመረም፤ ከጵኒኤል ቀጠለ። ከአዲስ አበባ እስከ ጀውሃ የተረገጠው መንገድ በጸሎት የተሰጠ መሥዋዕት ነው፤ የተሰጠም አልተመለሰም። ስለዚህ እናታችን በዳነች ጊዜ በአውቶቡስ እስከ ጀውሃ ሄዳ ከቆመችበት ብትቀጥል ጉዞዋ ሙሉ ነው። እንደገና ከቤቷ መነሣት ብትፈልግ በፈቃዷ የምታደርገው እንጂ ዕዳ አይደለም።

4ኛ. አስቀድሞ በጥበብ መሳል፣ በኋላም በጥበብ መቀጠል

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ወታደር ሳለ እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1521 በፓምፕሎና የመድፍ ጥይት እግሩን ሰበረው፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሲያነክስ ኖረ። ሆኖም በ1523 ኢየሩሳሌም ደርሶ ተሳለመ፤ ሕይወቱን ሲተርክም ራሱን «መንፈሳዊ ተጓዥ» እያለ ይጠራ ነበር። ነሐሴ 15 ቀን 1534 ከጓደኞቹ ጋር በፓሪስ፣ በሞንማርትር፣ ዳግመኛ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ሲሳሉ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፤ በቬኒስ አንድ ዓመት ጠብቀው መሻገር ካልቻሉ ራሳቸውን ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አገልግሎት እንደሚያቀርቡ ቃል ገቡ። በቬኒስና በቱርኮች መካከል በተነሣው ጦርነት መንገዱ ስለተዘጋ ወደ ሮም ሄዱ። ስለታቸው አልፈረሰም፤ በገቡት ቃል መሠረት ተፈጸመ። እኛም ምእመናን ሊሳሉ ሲመጡ «ጤናና ሰላም ከሰጠኸኝ» ብለው እንዲሳሉ ብንመክራቸው ከብዙ ጭንቀት እናድናቸዋለን።

ለሚቀጥሉት የሚከተለው ይጠቅማል።

ስለ አካል፦ ከጉዳቱ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ያልቻለ ሰው ስብራት ሊኖርበት ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ወጌሻ በየመንደሩ የታመነ ረዳት ቢሆንም፣ አጥብቆ የታሰረ እግር ደም ተከልክሎ ሊበላሽና ለመቈረጥ ሊዳርግ ይችላል። የታሰረው እግር ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ማሰሪያው ወዲያውኑ ይላላ። ጉዞ ከመቀጠሉ በፊት በሰፈር አጫጭር መንገድ ይለመድ፤ ምርኩዝ መያዝም አያሳፍርም።

ስለ መንገድ፦ ይህ መስመር ራሱ ቈስሏል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ በግጭት ተቃጥለዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ጊዜ መቆየት የእምነት ማነስ አይደለም። በዚያ የሚኖሩትን ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በጸሎት ማሰብ፣ ከተቻለም የተጎዳውን መርዳት፣ ለተጠባባቂ ተጓዥ የሚገባ ሥራ ነው።

ስለ ነፍስ፦ የመጠበቂያው ወራት ባዶ አይሁን። ኤልያስ ደክሞ በዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ አስቀድሞ የሰጠው እንጀራና ውኃ ነው፤ ተነሥቶ እንዲሄድ የነገረውም እንዲበላ ካደረገው በኋላ ነው (1ኛ ነገ. 19)። በአልጋ ላይ ላለ ሰው ቅዱስ ቁርባን ማድረስ የካህናት ድርሻ ነው፤ ይህንንም ለካህኑ ማሳወቅ የመምህራን ድርሻ ነው።

5ኛ. መድረስ ያልቻሉትስ?

ሁሉም አይድንም። አጥንታቸው ዳግመኛ ረጅም መንገድ የማይችል ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ለእነርሱ የአቡነ ያዕቆብ፣ የቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ ፍጻሜ መጽናናት ነው። እኚህ የሀገራችን ሐዋርያ በ1841 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው እስከ ሮምና ኢየሩሳሌም ደርሰው ነበር። የመጨረሻ ጉዟቸው ግን አልተፈጸመም። ከምጽዋ አካባቢ ወደ ደጋው ሲወጡ በንዳድ ታመው፣ ሐምሌ 31 ቀን 1860 እ.ኤ.አ. በአሊጋዴ ሸለቆ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ሥጋቸውን ሌሎች ተሸክመው በሄቦ ቀበሩት፤ ሄቦም የብዙ ምእመናን መሳለሚያ ሆነች። ቤተ ክርስቲያንም በ1975 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ብላ ስትጠራቸው ያ መንገድ መጨረሱን አልጠየቀችም።

ለዚህ መብቃት ያልቻለ ሰው ወደ ቆሞሱ ይምጣ፤ ስለቱ በሚችለው ይለወጥለታል። ለመንገድ የቆጠበው ስንቅ ለድሀ ይሰጥ፤ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የመስቀሉ መንገድ ጸሎት ይጸለይ። ለግሸን የታሰበው ምስጋና በሰፈሩ ታቦት ፊት ሲቀርብም ያው አምላክ ይቀበለዋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በምሳሌው ለተጠቀሰችው እናት ጠያቂ ሆነን ብንሄድ መጀመሪያ ምን እንጠይቃት ነበር?
2. በቁምስናችን ስለታቸውን መፈጸም አቅቷቸው በዝምታ የሚጨነቁ ሰዎች አሉን? ወደ ቆሞስ እንዲቀርቡ እንዴት እንርዳቸው?
3. ያዕቆብ በጵኒኤል ያነከሰውና በሴኬም የቆየው በአንድ ዓይነት ምክንያት ነውን? የእኛ መዘግየት ከሁለቱ የትኛውን ይመስላል?
4. በኅብረት ስንጓዝ የሚደክመውን የጉዞው መለኪያ እናደርገዋለን ወይስ ጥለነው እናልፋለን? በሚመጣው ጉዞ ከወደቀው ጋር የሚቀር ሰው አስቀድመን ብንመድብ ማንን እንመድባለን?