«ሶሪ» ሁሉ ይቅርታ አይደለም

አያቴ ሆስፒታል ውስጥ ያረፈች ዕለት የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሐኪሙ ከክፍሉ ወጣና እናቴን እያየ በዕብራይስጥ «ኣኒ ሚጽታዔር» አለ። ቤተሰቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ እንደ ብዙዎቻችሁ የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩና። «ይቅርታ ይላል» አልኩ። የእናቴ ፊት ተለዋወጠ። «ምን አጥፍቶ ነው ይቅርታ የሚለው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሐኪሙም ሄዷል።

ከዚያ በኋላ የአያቴ ስም በተነሣ ቁጥር እናቴ «ሐኪሙ ራሱ ይቅርታ ብሏል እኮ» ትል ነበር። አንድ ስሕተት ተሠርቶ እናቷን እንደነጠቋት አመነች። ስሕተቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ስለ ሐዘን የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳነብ ነው። «ሶሪ» የሚለውን ቃል እንደለመድኩት «ይቅርታ» ብዬ ተረጎምኩት። ዓረፍተ ነገሩ ግን አልገጥም አለኝ፤ ተናጋሪዋ ምንም አላጠፋችም፤ ባሏ የሞተባትን ሴት እያጽናናች ነበር። ያን ጊዜ የሐኪሙ ድምፅ ትዝ አለኝ።

ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ሁላችንም የምናውቀው በሚመስለን በዚህ አንድ ቃል ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ፕቶር ላገኙም፣ ገና ለሚታገሉም ይጠቅማል።

የቃሉ ሥር

«ሶሪ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ይባል ነበር። ዘመዱ ዛሬም ያለው «ሶር» የሚለው ቃል ነው፤ የቆሰለ፣ የሚያም ማለት ነው። ብዙ ሰው «ሶሮው» ማለትም ሐዘን ከሚለው ቃል የመጣ ይመስለዋል፤ ሁለቱ በድምፅና በትርጉም ተቀራረቡ እንጂ ሥራቸው ይለያያል። እንግዲህ ቃሉ ከመነሻው የሚናገረው ስለ ሕመም ነው። «አጥፍቻለሁ» የሚለው ትርጉም የመጣው «ባደረግኩት ነገር ልቤ ታመመ» ከማለት ነው።

የእኛ «ይቅርታ» ግን ከሌላ ቦታ ይነሣል። ሥሩ «ቀረ» ነው፤ «ይቅር» ማለት ነገሩ ይተው፣ አይፈለግ ማለት ነው። ስለዚህ ይቅርታ ሲባል አንድ የበደለ፣ አንድም የተበደለና የሚተው ሰው አለ። ወላጆቻችን ባደጉበት የጎንደር ገጠር ከባድ በደል የሠራ ሰው ሽማግሌ ይልካል፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል፣ ካሳ ይከፍላል። እናቴ «ይቅርታ» የሚለውን ቃል የሰማችው ይህን ሁሉ ክብደት ይዞ ነው።

የሐኪሙ «ሚጽታዔር» ደግሞ የመጣው «ጻዓር» ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ ሐዘን፣ ሥቃይ ማለት ነው። በግዕዝ «ጻዕር» የሚባለው ዘመዱ ነው፤ አማርኛችንም «ጣር» የሚለውን ያገኘው ከዚሁ ነው። ቃሉ እንደ «ሶሪ» ለጥፋትም ለሐዘንም ያገለግላል። እኔ ግን አንዱን ብቻ አውቅ ነበር።

በዕለት ተዕለት ንግግር

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሶሪ»ን ቢያንስ በስድስት መንገድ ይጠቀሙበታል።

1. ለጥፋት። አርፍዶ የገባ ተማሪ «ሶሪ አይ አም ሌት» ይላል። በአማርኛ «ይቅርታ፣ አረፈድኩ»፤ በዕብራይስጥ «ስሊኻ»።

2. ለሰው ሐዘን። «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ለሞት የሚባል ነው። አማርኛው «እግዜር ያጽናችሁ» ነው። ለታመመ ከሆነ «እግዜር ይማርህ»፣ ለተቸገረ «አይዞሽ» እንላለን። በዕብራይስጥ ለሞት «ሚሽታቴፍ በጻዓርኻ» ይባላል።

3. ለድንገተኛ ጉዳት። ሰው ሲደናቀፍ ያየ ሁሉ «ኦ፣ ሶሪ!» ሊል ይችላል፤ እሱ ባይገፋውም። ይህ የእኛ «እኔን!» ነው። እናቶቻችን «እኔ ልውደቅልህ» ሲሉ እነሱ ጣሉት ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ይህ «ሶሪ»ም ጥፋትን ማመን አይደለም።

4. ላልሰሙት ነገር። ድምፅን ከፍ አድርጎ «ሶሪ?» ማለት «ምን አልክ?» ወይም «አቤት?» ማለት ነው።

5. ለእምቢታ። «አይ አም ሶሪ፣ ባት...» ሲባል ከ«ባት» በኋላ የሚመጣውን አድምጡ፤ መልሱ ያለው እዚያ ነው። የስኮላርሺፕ ደብዳቤ እንዲህ ከጀመረ አልተሳካም ማለት ነው።

6. ለሚያሳዝን ነገር መግለጫ። ከስም በፊት ሲገባ ትርጉሙ ይለወጣል። «ኤ ሶሪ ስቴት» ማለት አሳዛኝ፣ የተጎሳቆለ ሁኔታ ነው።

ሰዋስው፣ በአጭሩ

«ሶሪ» ቅጽል እንጂ ግሥ አይደለም። ስለዚህ «አይ ሶሪ» አይባልም፤ «አይ አም ሶሪ» ይባላል። ከኋላው «ፎር» ከስም ጋር ወይም በ«ኢንግ» ከሚያልቅ ግሥ ጋር ይመጣል። «ቱ» ሲከተለው ብዙ ጊዜ አሁን ስለሰማነው ወይም አሁን ስለምናደርገው ነገር ነው፤ «ሶሪ ቱ ሂር ዛት» ይህን በመስማቴ አዘንኩ ማለት ነው፣ «ሶሪ ቱ ቦዘር ዩ» ደግሞ ላስቸግርህ ነው እንደማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ማጽናናት ነው፤ «አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ» ግን «ታሳዝነኛለህ» ይሆናል፤ ከላይ ወደ ታች የማየት ድምፅ አለው። በሀኽሻራ ላይ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ ይህን ልብ በሉ። የምናገለግለው ሰው አብረነው እንድንሆን ይፈልጋል እንጂ ምስኪን እንድንለው አይፈልግም።

ቃሉ አገር ሲያነጋግር

ይህ የሁለት ትርጉም ጉዳይ የቤተሰብ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ መንግሥት የአገሬው ተወላጆችን ልጆች ከወላጆቻቸው እየነጠቀ ለብዙ ዓመታት አሳድጓል። እ.ኤ.አ. በ1999 በጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ጊዜ ፓርላማው ጥልቅ ጸጸት እንደሚሰማው ገለጸ፤ «ሶሪ» የሚለው ቃል ግን አልገባም። ሃዋርድ የዛሬው ትውልድ ለቀድሞው ድርጊት ተጠያቂ ሊሆን አይገባም የሚል አቋም ነበራቸው። ተበዳዮቹ የሚጠብቁት ግን ያንኑ ቃል ነበር። በመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ የካቲት 13 ቀን 2008 በፓርላማ ቆመው ቃሉን ተናገሩ፤ የተነጠቁት ሰዎችም በአዳራሹ ተገኝተው ሰሙ።

ሕግም ገብቶበታል። ሐኪሞችና ሹፌሮች «ሶሪ ካልኩ ጥፋቴን አመንኩ ተብዬ እከሰሳለሁ» ብለው ይፈራሉ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ሕግ ከአደጋ በኋላ የሚነገር የሐዘን ቃል በፍርድ ቤት የጥፋተኝነት ማስረጃ እንዳይሆን ደነገገ። ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ሁለቱን ትርጉሞች ለመለየት ሕግ ካስፈለጋቸው፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ብትሳሳት አይገርምም።

ለቤት አስተርጓሚዎች

ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ለወላጆቻችን ባንክ፣ ኩፓት ኾሊም፣ ትምህርት ቤት ስናስተረጉም አድገናል። «ሶሪ» ወይም «ሚጽታዔር» ስትሰሙ ከመተርጎማችሁ በፊት በልባችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ሰው ጥፋቱን እየተናገረ ነው ወይስ ሐዘናችንን እየተካፈለ? ካልለየላችሁ አትገምቱ፤ ተናጋሪውን መልሳችሁ ጠይቁት። መጠየቅ ነውር አይደለም። በጤና ጉዳይ ደግሞ ሸክሙን ብቻችሁን አትሸከሙ። የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት በቋንቋና በባህል ተደራሽ እንዲሆኑ ያዝዛል፤ ስለዚህ «አስተርጓሚ ይምጣልን» ማለት መብታችሁ ነው።

ባለፈው ዓመት ቡና እየጠጣን ለእናቴ ነገርኳት። ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ሰውዬው እግዜር ያጽናችሁ ነው ያለን?»

«አዎ፣ እማ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እኮ ይኼን ሁሉ ዓመት ስረግመው ኖርኩ» አለች። ይቅርታ የጠየቅኳት ያን ጊዜ ነው፤ ይህኛው እውነተኛው ይቅርታ ነበር። «ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ» አለችኝና ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።

መልመጃ

በእነዚህ ሦስት ቦታዎች «ሶሪ» የትኛው ትርጉም አለው?

ሀ) መምህሯ የተናገረችውን አልሰማችሁም።
ለ) የክፍል ጓደኛችሁ አባቱ እንደታመሙ ነገራችሁ።
ሐ) ጎረቤት የእናታችሁን ሲኒ ሰበረች።

መልሱ በተራ 4፣ 2 እና 1 ነው። አሁን ደግሞ ለሦስቱም በአማርኛ ምን እንደሚባል ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ለአንዱ «ሶሪ» ስንት ቃል እንደሚሰጧችሁ ቆጥራችሁ ጻፉ፤ የቤት ሥራው እሱ ነው።