የዶሜይን ስምና የንግድ ምልክት

የዶሜይን መዝጋቢ «ስሙ አልተያዘም» ሲለን ምን ማለቱ ነው? ያ የፊደላት ቅደም ተከተል እስካሁን አለመመዝገቡን ብቻ ይነግረናል፤ የሌላ ድርጅት የንግድ ምልክት አለመሆኑን ግን አያረጋግጥም።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ካናዳዊ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለድረ ገጽ ዝግጅት ሥራው የራሱን ስም «ሶፍት» ከሚለው ቃል ጋር አጣምሮ አስመዘገበ። አጻጻፉ ቢለይም ሲነበብ «ማይክሮሶፍት» የሚል ድምፅ ስለሚሰጥ ኩባንያው ተቃወመ፤ በ2004 ስሙ በስምምነት ለኩባንያው ተላለፈ።

ስለዚህ ከምዝገባ በፊት ሦስት ነገሮችን እንመርምር፦ የአጻጻፍ መመሳሰልን፣ የድምፅ መመሳሰልንና የሥራ ዘርፍ መቀራረብን። ለዚህም የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅትን የምልክቶች መረጃ ቋት መፈተሽ፣ በአገራችንም የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል። ሥራው በስሙ ከታወቀ በኋላ ስም መለወጥ ከባድ ነውና።