ተንሳፈፈ ወይስ ዋለለ?

ጥያቄ፦ በቡኢ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። «መልህቅ እንደሌለው ጀልባ ዋለለ» የሚለውን «ተንሳፈፈ» ብዬ ብፈታው መምህሬ አልተቀበሉኝም። ልዩነቱ ምንድን ነው? ስለ ሰው ሲነገርስ?

መልስ፦ መምህርህ ትክክል ናቸው። «ተንሳፈፈ» የሚነግረን አለመስጠምን ብቻ ነው፤ መልህቅ የጣለ ጀልባም ይንሳፈፋል። «ዋለለ» ግን የሚይዘው አጥቶ ነፋስና ማዕበል ወደ ወሰዱት ሄደ ማለት ነው።

እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ሁለቱንም ያሳይሃል። የቅጠሉ ዘንግ አየር ስላዘለ ይንሳፈፋል፤ ሥሩ የሐይቁን አፈር ስላልያዘ ደግሞ ይዋልላል። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ ነፋስ እየገፋ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ይከምረዋል። ከጉራጌ ተራሮች የሚወርደው መቂ ወንዝ የሚገባበት የዝዋይ ሐይቅም ከዚህ አረም አላመለጠም።

ስለ ሰው ሲነገር «ልቡ ዋለለ» እንላለን፤ መወሰን አቃተው፣ የሚያርፍበት ሐሳብ አጣ ለማለት። ብዙዎች ግን ከቦታ ቦታ የሚሄደውን ሁሉ «ዋለለ» ይሉታል፤ በዚህ አልስማማም። ከጉራጌ ሶዶ ወጥቶ መርካቶ የሚነግድ፣ ዕቁቡን የሚጥል፣ ለመስቀል ቤተሰቡ ዘንድ የሚገባ ሰው ሩቅ ሄደ እንጂ አልዋለለም። የሚይዘው አለውና። በተወለደበት ሰፈር ሳይንቀሳቀስ የሚዋልልም አለ።

ለገንዘብስ? ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ሲተው «ብር ተንሳፈፈ» ተባለ፤ ያስኬዳል። ዋጋው ከፍ ዝቅ ሲል ግን ቃሉ «ዋዠቀ» ነው።